በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ነዳጆች፦ ድኙ የተቀነሰ ናፍጣና መደበኛ ናፍጣ ከአዲስ ቅዳም መንገድ ሲታዩ

ከኢንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳው በተመራማሪዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ከደከረንስ ግራር ተክልና ከእርሱ ከሚመረተው ከሰል ጋር ተያይዞ ነው። አርሶ አደሩ ችግኙን ከሰብል ጋር አዳብሎ ይተክላል፤ ዛፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቆረጣል፣ ይከሰላል፣ በማዳበሪያ ይሞላል፣ ከዚያም በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጓዛል። ስለ ዛፉ፣ ስለ አፈሩና ስለ ገበሬው ገቢ የሚቀርቡ ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ከሰሉን የሚያጓጉዘው ተሽከርካሪ የሚያቃጥለው ናፍጣ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም በውስጡ ምን ያህል ድኝ ወይም ሰልፈር አለ የሚለው ነው።

በማደያው ላይ የሚነበበው ቃል አንድ ነው፤ ናፍጣ። በዚህ አንድ ስም በዓለም ገበያ የሚሸጡት ምርቶች ግን በድኝ መጠናቸው እስከ አምስት መቶ እጥፍ ይለያያሉ። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፣ በእጅ ተዳሶም አይታወቅም። ሆኖም የሞተር ዘይት በምን ያህል ጊዜ መቀየር እንዳለበት፣ አዲስ ተሽከርካሪ ይዞት የመጣው የጭስ ማጣሪያ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በመንገድ ዳር የሚኖረው ሰው ምን እንደሚተነፍስ በከፊል የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል

በነዳጅ ውስጥ ያለው ድኝ የሚለካው በሚሊዮን ክፍልፋይ ነው፤ በባለሙያዎች ዘንድ ፒፒኤም ይባላል። አንድ ፒፒኤም ማለት በአንድ ሺህ ኪሎ ግራም ነዳጅ ውስጥ አንድ ግራም ድኝ ማለት ነው። በንግድ ሰነዶች ላይ ደግሞ ያው መጠን በመቶኛ ይጻፋል፤ 0.5 በመቶ 5,000 ፒፒኤም፣ 0.05 በመቶ 500 ፒፒኤም፣ 0.005 በመቶ 50 ፒፒኤም፣ 0.001 በመቶ ደግሞ 10 ፒፒኤም ነው። የዜሮዎቹ ብዛት አንባቢን በቀላሉ ያሳስታል፤ ስለዚህ መቶኛውን ወደ ፒፒኤም ለውጦ ማንበብ ይመረጣል።

ቁጥሩን ወደሚጨበጥ ነገር ለመመለስ አንድ የጭነት መኪና 100 ሊትር ናፍጣ ሲያቃጥል የሚሆነውን ማስላት ይበቃል። ከአዲስ ቅዳም አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ ይህ መጠን ለአንድ መካከለኛ የጭነት መኪና ከአንድ አቅጣጫ ጉዞ ፍጆታ ብዙ የራቀ አይሆንም። የናፍጣ ጥግግት በሊትር 0.84 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ 100 ሊትሩ 84 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ነዳጁ 5,000 ፒፒኤም ከሆነ በውስጡ 420 ግራም ድኝ አለ፤ 500 ከሆነ 42 ግራም፣ 50 ከሆነ 4.2 ግራም፣ 10 ከሆነ ደግሞ ከአንድ ግራም በታች ይሆናል። ድኝ ሲቃጠል ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን ክብደቱ በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በ5,000 ፒፒኤም ናፍጣ የተጓዘው መኪና በመንገዱ ላይ 840 ግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይበትናል፤ በ50 ፒፒኤም የተጓዘው ግን ዘጠኝ ግራም እንኳ አይሞላም።

«መደበኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚሉት ቃላት በራሳቸው የሚነግሩት ነገር ጥቂት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ለመንገድ ተሽከርካሪዎች የ500 ፒፒኤምን ወሰን ስታወጣ ነዳጁ በዚያ ጊዜ ድኙ ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣ ተብሎ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ወሰኑ ወደ 15 ሲወርድ ቀድሞ ዝቅተኛ የተባለው መደበኛ ሆነ፤ አዲሱም «እጅግ ዝቅተኛ» የሚል ቅጽል ተጨመረለት። አውሮፓ በበኩሏ በ2000 ወደ 350፣ በ2005 ወደ 50፣ በ2009 ወደ 10 ፒፒኤም ወርዳለች። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ከጥር 2015 ጀምሮ ዝቅተኛ ብለው የተቀበሉት 50 ፒፒኤም ነው። እንግዲህ ያለ ቁጥር የተነገረ «ዝቅተኛ» ዘመኑንና አገሩን ካልጠቀሰ ትርጉም የለውም። በጥናት ጽሑፎችም ውስጥ ይህ ቃል ከቁጥሩ ተነጥሎ ሲገኝ አንባቢው ሊጠራጠር ይገባል።

ድኙ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይወጣል

ድኝ በድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ነው፤ መጠኑ እንደ ጉድጓዱ ይለያያል። በማጣሪያ ፋብሪካ ድፍድፉ በሙቀት ሲለያይ ከባዱ ክፍል ከቀላሉ ይልቅ ብዙ ድኝ ይዞ ይቀራል። ናፍጣ ከቤንዚንም ከነጭ ጋዝም የሚከብድ በመሆኑ ከእነርሱ የበለጠ ድኝ መያዙ የሚጠበቅ ነው።

ድኙን ለማውጣት ነዳጁ በከፍተኛ ግፊትና ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ከሃይድሮጅን ጋር እንዲገናኝ ይደረጋል። ኮባልትና ሞሊብዲነም ወይም ኒኬልና ሞሊብዲነም የያዘ አፋጣኝ በመካከል ሆኖ ድኙን ከካርቦኑ ያላቅቀዋል፤ ድኙም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ይወጣል። ይህ መርዛማ ጋዝ በሌላ ሂደት ወደ ጠጣር ቢጫ ድኝ ተለውጦ ይሸጣል። ከ5,000 ወደ 500 መውረድ ለማጣሪያው በአንጻራዊነት ቀላል ሥራ ነው። ከባዱ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ዳይቤንዞታዮፊን ከሚባሉት ውህዶች አንዳንዶቹ በድኙ ግራና ቀኝ የተተከሉ የሜቲል ቡድኖች ስላሏቸው አፋጣኙ ወደ ድኙ እንዳይደርስ እንደ አጥር ይከላከሉታል። ከ50 ወደ 10 ለመውረድ የበለጠ ሃይድሮጅን፣ የበለጠ ግፊትና የተሻለ አፋጣኝ ያስፈልጋል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ግራሞች ከመጀመሪያዎቹ ብዙ ግራሞች ይልቅ ውድ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በሲሊንደር ውስጥ

አብዛኛው ድኝ በሞተሩ ውስጥ ተቃጥሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጥቂቱ፣ በተለምዶ ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት ክፍል የሚገመተው፣ አንድ ኦክሲጅን ጨምሮ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ይሆንና ከውሃ ተን ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። ሁለት ከመቶው እንዲህ ይለወጣል ተብሎ ቢታሰብ፣ ከላይ የተጠቀሰው የ5,000 ፒፒኤም 100 ሊትር 26 ግራም ገደማ አሲድ ያስገኛል፤ የ500 ፒፒኤሙ ደግሞ 2.6 ግራም።

ይህ አሲድ ጉዳት የሚያደርሰው ፈሳሽ ሲሆን ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ በበቂ ሁኔታ ሲግል አሲዱ ተን እንደሆነ ይወጣል፤ ግድግዳው ሲቀዘቅዝ ግን በላዩ ላይ ይጤዛል። የኢንጅባራና የአዲስ ቅዳም ደጋ ማለዳ ቀዝቃዛ ነው። ከሰል የጫነ መኪና ሌሊት አድሮ በጎህ ሲነሣ፣ ወይም በገበያ ቀን ሞተሩን ሳያጠፋ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲያራግፍና ሲጭን፣ ሞተሩ ለአሲድ ጤዛ ምቹ በሆነ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ይቆያል። ከአሲዱ የሚከላከለው የሞተር ዘይቱ ነው፤ ዘይት አምራቾች አሲድን የሚያረክስ የአልካሊ ንጥረ ነገር ይጨምሩበታል፣ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ይህን ክምችት ቶሎ ይጨርሰዋል። ሞተር አምራቾች ድኝ በሚበዛበት አገር የዘይት መቀየሪያው ጊዜ እንዲያጥር የሚመክሩት ከዚህ የተነሣ ነው። ለባለንብረቱ ይህ ቀጥተኛ ወጪ ነው፤ ዘይቱን በልማዳዊው ኪሎ ሜትር እየቀየረ ፒስተን ቀለበትና ሲሊንደር ቶሎ የሚበላበት ሰው ወጪውን ከነዳጁ ጋር ላያገናኘው ይችላል።

በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ጉዳቱ በዚህ ይወሰናል። በአዲሶቹ ላይ ግን ድኝ ሌላ ጠላት ያገኛል። ከዩሮ 4 ወዲህ የተሠሩ ብዙ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ፕላቲነም የያዘ አፋጣኝ፣ ከዚያም አልፎ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ድኝ በእነዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛ፣ የአፋጣኙን ገጽ ይሸፍናል፤ አፋጣኙ ሥራውን ያቆማል፣ ማጣሪያውም የያዘውን ጥቀርሻ አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት ያቅተዋል። ሁለተኛው ጉዳት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አፋጣኙ የተሠራው ጋዞችን ከኦክሲጅን ጋር ለማዋሃድ በመሆኑ ሲግል ሰልፈር ዳይኦክሳይዱንም ወደ ትራይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ለምሳሌ በረጅም ዳገት ላይ ግማሽ ያህሉ ቢለወጥ፣ የ500 ፒፒኤም 100 ሊትር ናፍጣ 64 ግራም ገደማ ሰልፈሪክ አሲድ ያወጣል። ይህ አፋጣኝ የሌለው አሮጌ መኪና በ5,000 ፒፒኤም ናፍጣ ከሚያወጣው 26 ግራም ይበልጣል። ዘመናዊ መሣሪያ ከማይስማማው ነዳጅ ጋር ሲጣመር ያጸዳል የተባለውን ሊያባብስ ይችላል ማለት ነው። የዓባይን በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣው የጎጃም መንገድ ለእንዲህ ዓይነቱ የሞተር ግለት በቂ ዕድል ይሰጣል።

ማጣሪያው ሲደፈን ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። በብዙ አገር ጋራዦች የሚወሰደው መፍትሔ ማጣሪያውን ፈትቶ ባዶ ማርሚታ መግጠም ነው። ለሾፌሩ ችግሩ በአንድ ቀን ይፈታል። ተሽከርካሪው ግን በወረቀት ዩሮ 5 ሆኖ በጭሱ ከአሮጌዎቹ ተርታ ይሰለፋል።

ጥቁሩ ጭስ የድኝ አይደለም

በዚህ ርዕስ ላይ በስፋት የሚታየው መደናገር የሚመጣው ከጭሱ ቀለም ነው። ከአይሱዙው ኋላ የሚታየው ጥቁር ደመና ካርቦን ነው፤ በቂ አየር ሳያገኝ በግማሽ የተቃጠለ ነዳጅ። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ግን ቀለም የለውም፤ የሚታወቀው አፍንጫንና ጉሮሮን በሚቆጣ ሽታው ነው። ስለዚህ በአሮጌ መኪና ውስጥ የ5,000 ፒፒኤሙን ናፍጣ በ50 ፒፒኤም መተካት የአሲዱንና የሰልፌቱን ድርሻ በመቶ እጥፍ ይቀንሳል፤ ጥቁሩን ጭስ ግን እንዳለ ይተወዋል ማለት ይቻላል። ነዳጁ ከተቀየረ በኋላ መንገድ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ለውጥ አላየሁም ቢል አልተሳሳተም።

በደጋው ጥቁሩ ጭስ የሚበረታበት ሌላ ምክንያት አለ። በኢንጅባራ አካባቢ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ፖምፓው ለቆላ በተስተካከለበት መጠን ነዳጅ መርጨቱን ከቀጠለ የተረፈው ነዳጅ ጥቀርሻ ይሆናል። ከሚገባው በላይ መጫን፣ የደከመ ኢንጀክተርና የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ይህንኑ ያከፋሉ። እነዚህን ሁሉ ድኝ መቀነስ አይፈታቸውም።

ታዲያ ድኙ የተቀነሰ ናፍጣ ጥቅሙ የት ላይ ነው? የጥቀርሻ ማጣሪያ እንዲሠራ የሚያስችለው እርሱ በመሆኑ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው በእርግጠኝነት ከተመደቡት ነገሮች ጋር አሰልፎታል። ከጭሱ በሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ደቃቁ ጥቀርሻ ነው፤ ይህን ጥቀርሻ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚይዘው መሣሪያ ደግሞ በ5,000 ፒፒኤም ናፍጣ አይዘልቅም። ነዳጁና ተሽከርካሪው ተጠባብቀው ካልተሻሻሉ አንዱ ብቻውን የሚያመጣው ትርፍ ትንሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ በመጣል ገበያውን ወደ አዳዲሶቹ ገፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ጭነትና የሕዝብ ማመላለሻው ግን በዋናነት ከናፍጣ ጋር እንደተቆራኘ ነው። አዳዲስ የጭነት መኪናዎች በመጡ ቁጥር የነዳጁ ጥራት ጥያቄ ከመቅለል ይልቅ እየከበደ ይሄዳል።

ስለ ፖምፓ መድረቅ

ድኝ የሌለበት ናፍጣ ፖምፓ ያደርቃል የሚለው ሥጋት መሠረት የለሽ ወሬ አይደለም። ስዊድን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድኙ 10 ፒፒኤም የሆነ ናፍጣ ስታስገባ የነዳጅ ፖምፓዎች ያለ ጊዜያቸው መበላታቸው ታይቷል። ምክንያቱ ግን ድኙ ራሱ አልነበረም። ድኝ ማለስለሻ አይደለም፤ ሃይድሮጅን ድኙን ሲያስወጣ አብረው የሚወጡት ኦክሲጅንና ናይትሮጅን የያዙ ጥቃቅን ውህዶች ናቸው ብረትን ከብረት የሚለዩት። መፍትሔውም ከዚያው ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በማጣሪያው ወይም በዴፖው በጣም ጥቂት የማለስለሻ ቅመም ይጨመራል፣ የነዳጅ ደረጃውም የልስላሴ ፈተና ይጨምራል። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት በፈተናው ብረት ላይ የሚታየው ጭረት ከ460 ማይክሮ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በአሜሪካው 520 ነው። ሁለት ከመቶ የማይሞላ የባዮዲዝል ድብልቅም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

በአሜሪካም በ1993 ለውጥ ወቅት ሌላ ችግር ታይቶ ነበር። በአሮጌ ፖምፓዎች ውስጥ ያሉ የጎማ ቀለበቶች ከቀድሞው ናፍጣ አሮማቲክ ውህዶች ጠጥተው አብጠው ይኖሩ ስለነበር፣ አሮማቲኩ ያነሰ ነዳጅ ሲመጣ ተኮማትረው ነዳጅ ማንጠባጠብ ጀመሩ። ቀለበቱን መቀየር በቂ ነበር። አሮጌ ተሽከርካሪ በሚበዛበት አገር ግን ይህ አስቀድሞ ለጋራዦች የሚነገር ጉዳይ መሆን አለበት፤ ካልተነገረ መጀመሪያ የሚወቀሰው አዲሱ ነዳጅ ነው። የኃይል ማነስ የሚባለውም እውነት አለው፤ ከሃይድሮጅን ጋር የታከመው ናፍጣ በሊትር የሚሰጠው ኃይል በአንድ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን በሾፌርነት መለየት አይቻልም፤ በጎማ ነፋስ ማነስ የሚባክነው ከዚህ ይበልጣል።

ምርጫው የት ይደረጋል

በደቡብ አፍሪካ ማደያዎች ባለ500 እና ባለ50 ፒፒኤም ናፍጣ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ሾፌሩ ለመኪናው የሚስማማውን ይመርጣል። በአዲስ ቅዳም፣ በኢንጅባራም ሆነ በዳንግላ እንዲህ ያለ ምርጫ የለም። ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅ በሙሉ ከውጭ ታስገባለች፤ ግዢውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ሲሆን ምርቱ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በቦቴ ይጓጓዛል። ስለዚህ በጎጃም መንገድ ላይ የሚቃጠለው ናፍጣ የድኝ መጠን የሚወሰነው በማደያው ሳይሆን በግዢ ውሉ ላይ በሚጻፍ አንድ መስመር ነው።

ይህ ሁኔታ ጥገኝነት ቢሆንም አንድ ጥቅም አለው። የአሰብ ማጣሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 እስኪዘጋ ድረስ የኢትዮጵያ ነዳጅ ጥራት በዚያ ፋብሪካ አቅም የታጠረ ነበር። የራሱ ማጣሪያ ያለው አገር ድኝ ለመቀነስ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አዲስ ክፍል መገንባት አለበት፤ ማጣሪያ የሌለው ግን ውሉን ይቀይራል። የኬንያ ተሞክሮ ይህን ያሳያል። የሞምባሳው ማጣሪያ በ2013 ማጣራቱን አቆመ፤ ከዚያም ከአሥራ ስድስት ወራት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ የ50 ፒፒኤሙን ወሰን ተግባራዊ አደረጉ። ጋና በሐምሌ 2017 ከ3,000 ወደ 50 በአንድ ጊዜ ወርዳለች። ከዚህ ቀደምም እርሳስን ከቤንዚን የማውጣቱ ሥራ በተመሳሳይ መንገድ ተከናውኗል፤ በ2001 የዳካር ስምምነት የተጀመረው ዘመቻ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮችን በ2006 መጀመሪያ እርሳስ ከሌለው ቤንዚን አድርሷቸዋል።

ዋጋው ይጨምራል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። የድጎማው ቀስ በቀስ መነሣት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከጀመረ ወዲህ የናፍጣ ዋጋ ጭማሪ ሁሉ በከሰሉም፣ በድንቹም፣ በማዳበሪያውም ማጓጓዣ ላይ ይታያል። ሆኖም የድኝ ልዩነቱ የሚያመጣው ጭማሪ ከድፍድፍ ነዳጅ ዋጋና ከምንዛሬ መዋዠቅ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። በሌላ በኩል የሚታሰበው የሞተር ዘይት፣ የሞተር ዕድሜና የሕክምና ወጪ በማንም የሂሳብ መዝገብ ላይ በአንድነት አይሰፍርም። ክርክሩ ሁልጊዜ ወደ ዋጋው ጎን የሚያጋድለው አንደኛው ወገን ቁጥር ስላለው፣ ሌላው ስለሌለው ይመስላል።

በአፈሩ ላይስ?

የአዊ ዞን አፈር አሲዳማነት የታወቀ በመሆኑ፣ ከናፍጣ የሚወጣው አሲድ ድርሻ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ አጭር ነው። ከ5,000 ፒፒኤሙ 100 ሊትር የሚወጣውን ድኝ በሙሉ ለማርከስ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ኖራ ይበቃል፤ ያውም ድኙ በ450 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ተበትኖ ነው። ለአሲዳማ ማሳ የሚመከረው ኖራ ግን በሄክታር በኩንታሎች የሚቆጠር ነው። የዞኑን አፈር ያሳጣው ለዘመናት የዘነበው ከባድ ዝናብ፣ ማዳበሪያውና የሰብል ቃርሚያው መነሣት ነው፤ ናፍጣን በዚህ መክሰስ ጉዳዩን ከማድከም በቀር አይጠቅምም።

ልኬት

በውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በማደያው የሚቀዳው ነዳጅ አንድ መሆናቸው የሚታወቀው በልኬት ብቻ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። ድኝ በዝቅተኛ መጠን ሲሆን በቀላሉ ይበከላል። ቀደም ሲል 5,000 ፒፒኤም የጫነ ቦቴ በውስጡ አንድ በመቶ ቅሪት ይዞ 10 ፒፒኤም ቢጫንበት፣ የሚደርሰው ነዳጅ 10 መሆኑ ይቀርና ወደ 60 ይጠጋል። ሁለተኛው ነጭ ጋዝ መቀላቀል ነው። ነጭ ጋዝ ከጄት ነዳጅ ጋር ቅርብ ዝምድና ያለው ምርት ነው፤ የጄት ነዳጅ ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ እስከ 3,000 ፒፒኤም ድኝ ይፈቅዳል። በ50 ፒፒኤም ናፍጣ ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ጋዝ አምስት በመቶ ቢቀላቀል ድብልቁ 200 ፒፒኤም ገደማ ይሆናል፤ ልስላሴውም ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ነዳጁ በጸዳ መጠን ጥቂት ማጭበርበር የሚያደርሰው ጉዳት ይገዝፋል።

ለመለኪያው ሁለት ዘዴዎች በስፋት ይሠራባቸዋል። ከመቶዎች ፒፒኤም በላይ ላለው በኤክስሬይ የሚሠራው መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ በመሆኑም ለዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አይከብድም። ከ50 በታች ለሆነው ነዳጁን አቃጥሎ የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚለካው ዘዴ ይመረጣል። ከድኙ ጋር ጥግግትንና የመቀጣጠያ ሙቀትን አብሮ መለካት የነጭ ጋዝ ድብልቅን ለመለየት ይረዳል፤ ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ይልቅ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚቀጣጠል ጥቂት ድብልቅ እንኳ የመቀጣጠያውን ሙቀት ያወርደዋል።

ከባሕር ዳር እስከ ኢንጅባራ ባሉ ማደያዎች ላይ እንዲህ ያለ ጥናት ቢታቀድ የናሙና አወሳሰዱ ከመሣሪያው በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከቧንቧው መጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት ሊትር ቀድሞ የቆየ ነዳጅ በመሆኑ ተለይቶ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ናሙናው ብርሃን በማያስገባ ንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ይወሰዳል፤ የዘይት ወይም የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ አይሆንም። ቦቴው ከማራገፉ በፊትና ካራገፈ በኋላ ለየብቻ ይቀዳል፤ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ብክለቱ በመንገድ ላይ ይሁን በማደያው ጋን ውስጥ የሚለየው እርሱ ነውና። የቀኑ፣ የቦቴው መነሻ ዴፖና የጋኑ የመጨረሻ ጽዳት ጊዜ በጠርሙሱ ላይ አብሮ ይጻፋል።